ጥቂት መጠጥ መድኃኒት ነውን?

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ይባላል። አባቶቻችን ይህን ሲሉ ንግግር ያለ ምሳሌ እንደማይጥም ሁሉ ጠጅም ያለ ብርሌ እንደማያምር ሊያስረዱን ነው። ነገር ግን ብርሌ ለውበት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ አንገቱ ጠባብ፥ ሆዱም የተወሰነ ስለ ሆነ ልክ ያለው ዕቃ ነው። በዚህ ሳምንት በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚሁ ስለ ልክ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በሠርግም ሆነ በማኅበር፥ ወይም ከሥራ በኋላ ወዳጅ ከወዳጁ ጋራ በተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ይነሣል። አንዱ እንግዳ ብርጭቆውን በእጁ ሲከድን ሌላው «እባክህ፥ ጥቂት መጠጥ እኮ ለልብ ጥሩ ነው፤ ሐኪሞችም መስክረዋል» ይለዋል። ሦስተኛው «ቢራ ኩላሊት ያጥባል» ይላል። አራተኛው ደግሞ «ለብርድና ለጉንፋን ከአረቄ የሚበልጥ ምን አለ?» ሲል ይጨምራል። በወዲያኛው ጥግ የተቀመጠው ሰው ግን «መጠጥ አንዲት ጠብታም ብትሆን መርዝ ናት» ብሎ ሁሉንም ይቃወማል። የምታስተናግደውም የቤት እመቤት ማንን እንደምታምን ግራ ይገባታል።

እኛም ዛሬ በሁለቱ ወገኖች መካከል ገብተን፥ ሳይንስ ባለፉት 100 ዓመታት የተናገረውን በአጭሩ ሰብስበን ልናቀርብ አስበናል። ስለ ስካር አንከራከርም፤ ስካር ቤት እንደሚያፈርስ የሚክድ የለምና። የምንመረምረው በልኩ እጠጣለሁ የሚለውን ሰው ነገር ብቻ ነው። የውጭ ሀገር ጥናቶችን ስንጠቅስ ዓመቱን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

የመጠጥ ወዳጆች ክርክር

የመጠጥ ወዳጆች ክርክር ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ምስክር ሐኪም ሳይሆን ሐዋርያ ነው፤ ይኸውም ቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲወስድ መምከሩን ያስታውሳሉ። ውሃው ንጹሕ ባልነበረበት፥ መድኃኒትም እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ለአንድ ሕመምተኛ የተሰጠ ምክር መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ከዚያ በኋላ የሳይንስ ምስክር ይመጣል። በ1926 ዓ.ም. ሬይመንድ ፐርል የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ መጠጥና ረጅም ዕድሜ ስላላቸው ግንኙነት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ የመጠጥን ንግድ በሕግ ከልክላ ነበር። ፐርል በባልቲሞር ከተማ ከሚኖሩ ቤተሰቦች በሰበሰቡት መረጃ መሠረት፥ አብዝተው የሚጠጡት ቶሎ እንደሚሞቱ፥ በመጠኑ የሚጠጡት ግን ፈጽሞ ከማይጠጡት በዕድሜ እንደማያንሱ፥ እንዲያውም በጥቂቱ እንደሚበልጡ ገለጹ። ከዚያም ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ይህንኑ የመሰለ ውጤት አሳዩ።

ምክንያቱ ምን ይሆን ተብሎ ሲጠየቅም መልስ አልጠፋም። አልኮል በደም ውስጥ መልካሙ ኮሌስትሮል የሚባለውን የስብ ዓይነት ከፍ ያደርጋል፤ ደምም ቶሎ እንዳይረጋ በመጠኑ ያግዛል። የልብ ደም ሥር የሚዘጋው በስብና በረጋ ደም ስለ ሆነ፥ ጥቂት መጠጥ ልብን ይጠብቃል ማለት አእምሮ የሚቀበለው ነገር መሰለ።

በመጨረሻም ፈረንሳዮች ለክርክሩ ማጣፈጫ ሆኑ። ፈረንሳዮች ቅቤና አይብ አብዝተው ይበላሉ፤ ነገር ግን በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው ቁጥር ከሌሎች ምዕራባውያን ያነሰ ሆኖ ይታይ ነበር። ይህ ነገር «የፈረንሳዮች እንቆቅልሽ» ተባለ። በ1991 ዓ.ም. ሰርዥ ረኖ የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በአንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀርበው ምስጢሩ በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገሩ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የቀይ ወይን ጠጅ ገበያ ደራ። «ጥቂት ለልብ» የሚለው ቃል ባሕር ተሻግሮ እኛ ማዕድ ድረስ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሒሳቡ የተሳሳተው የት ላይ ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ተቃራኒው ወገን እንለፍ። በ1988 ዓ.ም. ጄራልድ ሼፐር የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ በእንግሊዝ ሀገር አንድ ጽሑፍ አወጡ። እኚህ ሰው ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች እንግዳ አይደሉም፤ ወደ እንግሊዝ ከመሄዳቸው በፊት በካምፓላ በማከሬሬ የሕክምና ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። በእንግሊዝ በ24 ከተሞች የሚኖሩና ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 59 ዓመት የሆነ 7,735 ወንዶችን ሲከታተሉ ሳለ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ «አልጠጣም» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ቀድሞ ይጠጡ የነበሩና ታመው የተዉ ሆነው ተገኙ።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሰው 20 ዓመት ሙሉ ሲጠጣ ኖሮ ጉበቱ ታመመና ሐኪሙ መጠጥ ከለከለው እንበል። በማግሥቱ መዝጋቢ መጥቶ «ትጠጣለህን?» ብሎ ቢጠይቀው «አልጠጣም» ብሎ ይመልሳል፤ እውነቱንም ነው። በሚከተለው ዓመት ቢሞት ግን ሞቱ የሚቆጠረው በማይጠጡት ሰዎች ሒሳብ ነው። እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች በማይጠጡት ወገን ሲበዙ፥ በልኩ የሚጠጣው ሰው ከእነርሱ ጋራ ሲተያይ ጤነኛ ሆኖ ይታያል። ጤና የሰጠው ግን መጠጡ አይደለም፤ ጤነኛ ስለ ሆነ ነው መጠጣት የቻለው።

ሁለተኛም ስሕተት አለ። በባለጸጎቹ ሀገሮች ከምግብ ጋራ አንድ ብርጭቆ የወይን ጠጅ ጠጥቶ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የተማረ፥ ደኅና ገቢ ያለው፥ አትክልት የሚበላ፥ ሐኪም ዘንድ የሚመላለስ፥ ወዳጅም ያለው ሰው ነው። ዕድሜውን ያረዘመው ብርጭቆው ነው ወይስ ኑሮው? ይህን ሁለቱን መለየት ለመርማሪዎቹ እጅግ ከባድ ሆኖባቸዋል።

ስለዚህ ሊቃውንት ሌላ መንገድ ፈለጉ። በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰዎች አልኮልን እንደ ልብ ለማብላላት የማይችል ተፈጥሮ ከወላጆቻቸው ይወርሳሉ፤ ጥቂት ሲቀምሱ ፊታቸው ይቀላል፥ ልባቸው ይመታል፥ ያቅለሸልሻቸዋል፤ በዚህም የተነሣ መጠጥ አያበዙም። ይህ ውርስ ባለጸጋና ድኻ አይለይም። ከ500,000 የሚበልጡ ቻይናውያንን ለ10 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት በ2019 ዓ.ም. ሲታተም፥ በዚህ የውርስ መንገድ ሲመዘን በልክ መጠጣት ከስትሮክ፥ ማለትም የአንጎል ደም ሥር ከመዘጋቱና ከመፍሰሱ አደጋ እንደማያድን ታወቀ። መጠጡ በጨመረ ቁጥር የደም ግፊቱም የስትሮኩም አደጋ ያለ ማቋረጥ ይጨምራል። ቀድሞ የታየው ጥቅም በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጠፋ። በልብ ደም ሥር መዘጋት ላይ ግን ጉዳቱም ሆነ ጥቅሙ ጐልቶ አልታየም።

ስለ መልካሙ ኮሌስትሮል የተነገረውም ተስፋ ደክሟል። መድኃኒት ሠሪዎች ይህንኑ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርጉ መድኃኒቶችን ሠርተው ሞክረዋል፤ ኮሌስትሮሉ ከፍ አለ፥ የልብ ሕመሙ ግን እንደ ታሰበው አልቀነሰም።

ታዲያ ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን መጠጥ ሰጥቶ፥ ሌላውን ከልክሎ ለምን አይፈተንም? የሚል ይኖራል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ፈተና ተጀምሮ ነበር። 7,800 ያህል ሰዎችን ለመከታተል ታቅዶ ሳለ በሰኔ ወር 2018 ዓ.ም. የሀገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም አቆመው። የተቋሙ ሠራተኞች የጥናቱን ገንዘብ አብዛኛውን ክፍል ከመጠጥ ሻጮች እንዲገኝ ማድረጋቸው በመገለጡ፥ ዳኛው ከተከራካሪው እጅ ደመወዝ የተቀበለ ያህል ሆነ። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ፤ «ሐኪሞች መስክረዋል» የሚል ቃል በሰማን ጊዜ ምስክሩን ማን እንደ ጠራው መጠየቅ ይገባናል።

የጉዳቱ መጠን

አልኮል በሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት ወደ አሴታልዴሃይድ ይለውጠዋል። ይህ ነገር የሰውነትን ሕዋስ የሚጎዳ መርዝ ነው። በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት የአልኮል መጠጥን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ የመዘገበው በ1988 ዓ.ም. ነው። ዛሬ መጠጥ ከአፍ፥ ከጉሮሮ፥ ከድምፅ ሣጥን፥ ከምግብ መውረጃ ቧንቧ፥ ከጉበት፥ ከትልቁ አንጀትና ከሴቶች ጡት ካንሰር ጋራ ግንኙነት እንዳለው ታውቋል። በልብ በኩልም ቢሆን የልብ ምትን ሥርዐት የሚያዛባው ሕመምና የደም ግፊት በመጠጥ ይጨምራሉ።

ነገር ግን ፍርዳችን ትክክለኛ እንዲሆን መጠኑን ጭምር መናገር አለብን። በጥር ወር 2025 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የበላይ ሐኪም ያወጡት ማስጠንቀቂያ እንዲህ ይላል፤ በሳምንት ከአንድ መለኪያ በታች ከሚጠጡ 100 ሴቶች ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው ከመጠጥ ጋራ ዝምድና ባለው ካንሰር የሚያዙት 17 ያህል ናቸው። በቀን አንድ መለኪያ የሚጠጡ ከሆነ 19፥ ሁለት ከሆነ ደግሞ 22 ያህል ይሆናሉ። በወንዶችም ቁጥሩ ከ10 ወደ 11፥ ከዚያም ወደ 13 ከፍ ይላል። እንግዲህ «አንዲት ጠብታ ትገድላለች» የሚለው ሰው ነገሩን አጋንኖታል፤ «ምንም አያደርግም» የሚለውም ዋሽቷል። በ100 ሰው ሁለት ሰው ጥቂት ይመስል ይሆናል፤ ለእነዚያ ሁለት ቤተሰቦች ግን ጥቂት አይደለም።

ክርክሩም ፈጽሞ ተዘግቷል ልንል አንችልም። በነሐሴ ወር 2018 ዓ.ም. 195 ሀገሮችን የመረመረ ጥናት ለጤና የሚሻለው መጠን ዜሮ ነው ብሎ ደመደመ። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2022 ዓ.ም. ሒሳቡን በዕድሜና በአካባቢ ለይተው ሲሠሩት፥ ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ጥቂት መጠጥ መጠነኛ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፥ ለወጣቶች ግን ጥቅም የለውም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 ዓ.ም. ለጤና ፈጽሞ የማያሰጋ የመጠጥ መጠን የለም ሲል አስታወቀ። በታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች፥ በልክ የሚጠጡት ሰዎች ከቶ ጠጥተው ከማያውቁት ይልቅ የሞታቸው መጠን አነስ ብሎ መታየቱን፥ የጡት ካንሰር ግን በሚጠጡት ሴቶች ላይ ከፍ ማለቱን በአንድነት ጻፉ። ሊቃውንቱ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ የማይጠጣ ሰው ለጤናው ሲል መጠጣት ይጀምር ብሎ የሚመክር የጤና ባለ ሥልጣን የለም።

ልኩ ስንት ነው?

«በልክ» የሚለው ቃል ለሁሉም ሰው እንደ ፈቃዱ የሚሰፋ ቃል ነው። ስለዚህ በቁጥር እንነጋገር። በአንድ መጠጥ ውስጥ ያለውን አልኮል ለማወቅ የመጠጡ መጠን በሚሊ ሊትር ተወስዶ በጥንካሬው ይባዛል፤ የተገኘውም እንደገና በ0.79 ሲባዛ ክብደቱ በግራም ይታወቃል።

አንድ ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር ቢሆንና ጥንካሬው ከመቶ 5 ቢሆን 13 ግራም አልኮል አለው። አረቄ የሚቀዳበት ትንሽ ብርጭቆ መለኪያ ይባላል፤ 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቢሆንና የአረቄው ጥንካሬ ከመቶ 40 ቢደርስ እርሱም 13 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ ያቺ ትንሽ መለኪያ ከሙሉ ጠርሙስ ቢራ ጋራ እኩል ናት ማለት ነው። ጠላ ቀለል ያለ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ጥንካሬው ከመቶ 4 የሆነ ግማሽ ሊትር ጠላ 16 ግራም ይመዝናል። ጠጅስ? የሊትር ሢሶ በሚይዝ ብርሌ ከመቶ 10 የሚደርስ ጠጅ ቢቀዳ 26 ግራም፥ ማለትም የሁለት ጠርሙስ ቢራ ያህል ነው። እርግጥ የቤት መጠጥ እንደ ጌሾው፥ እንደ ማሩና እንደ ቆየበት ቀን ስለሚለያይ ሒሳቡ ግምት ነው።

አሁን ከሌሎች ሀገሮች ልክ ጋራ እናስተያየው። የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪሞች በ2016 ዓ.ም. ለወንድም ለሴትም በሳምንት ከ112 ግራም እንዳይበልጥ፥ እርሱም በሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲከፋፈል መክረዋል። ወደ 600,000 የሚጠጉ ጠጪዎችን የመረመረና በ2018 ዓ.ም. የታተመ ጥናትም ከ100 ግራም በላይ ሲሆን ዕድሜ ማጠር እንደሚጀምር አሳይቷል። በካናዳ ደግሞ በ2023 ዓ.ም. ባለሙያዎች አደጋው አነስተኛ ነው ያሉት በሳምንት ሁለት መጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ሠርግ ላይ አራት ብርሌ ጠጅ የጠጣ ሰው የሳምንቱን ልክ በአንድ ምሽት ጨርሶ ወደ ቤቱ ይገባል።

ከዚህም ላይ አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ለክርክሩ መነሻ የሆነው የባዕድ ሀገር ጠጪ አንዲት ብርጭቆ ከምግብ ጋራ ጠጥቶ የሚነሣ ሽማግሌ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ብዙው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሳይጠጣ ይሰነብትና በበዓል ቀን ወይም ደመወዝ በተከፈለ ዕለት የሰነበተውን በአንድ ጊዜ ያካክሳል። ጉበት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያብላላው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ አያፋጥነውም። ስድስት ቀን ጾሞ በሰባተኛው የሚያበዛ ሰው በሒሳብ መካከለኛ ጠጪ ይባል ይሆናል፤ ሰውነቱ ግን ሒሳብ አያውቅም።

በአገራችንና በጎረቤቶቻችን

በኢትዮጵያም በምሥራቅ አፍሪካም የሕዝቡ ብዛት ወጣት ነው። የልብ ጥቅም አለ ቢባል እንኳ የሚነገረው ስለ ሽማግሌዎች ነው፤ ወጣቱን የሚጥለው የመኪና አደጋ፥ ጠብና ቁስል ነው። በ2022 ዓ.ም. የወጣው ጥናት እንደሚለው፥ በዓለም ላይ ጎጂ በሆነ መጠን ከሚጠጡ 10 ሰዎች 6 የሚያህሉት ከ15 እስከ 39 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ለአንድ የፈረንሳይ ሽማግሌ የተባለውን ቃል ለ25 ዓመቱ ጐበዝ ማውረስ የአባትን ካባ ለሕፃን እንደ ማልበስ ነው።

መንግሥታትም ይህን ተገንዝበው ሕግ አውጥተዋል። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. በሀገራችን አቆጣጠር የታወጀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፥ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነም ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ታንዛኒያ በ2017፥ ኡጋንዳም በ2019 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር በትንንሽ የላስቲክ ከረጢት እየታሸገ በርካሽ ዋጋ ይሸጥ የነበረውን ብርቱ መጠጥ አግደዋል። በኡጋንዳ በ2010፥ በኬንያም በ2014 ዓ.ም. ሜታኖል የተባለ መርዝ የተቀላቀለበት መጠጥ ብዙ ሕይወት ማጥፋቱም አይዘነጋም። ምን እንዳለበት በማይታወቅ መጠጥ ውስጥ ልክ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም።

አሁን ወደ ማዕዱ ክርክር እንመለስ። ቢራ ኩላሊት ያጥባል ለሚለው መልሳችን ይህ ነው፤ ቢራ ሽንት የሚያበዛው ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዝዘውን ሆርሞን አልኮሉ ስለሚገታ ነው። ለኩላሊት የሚጠቅመው ውሃው ነው፤ ውሃ ደግሞ ያለ ቢራም ይገኛል። አረቄ ብርድ ያስወግዳል ለሚለውም፥ አረቄ የቆዳን ደም ሥር ስለሚያሰፋ የሙቀት ስሜት ይሰጣል እንጂ እውነተኛው የሰውነት ሙቀት በዚያው በቆዳ በኩል እየወጣ ይጠፋል። እንቅልፍ ያመጣል ለሚለውም፥ እንቅልፉን ያፋጥናል፥ ሌሊቱን ግን ይቆራርጠዋል።

ከልክም በታች ቢሆን መጠጥ የማይገባቸው ሰዎች እንዳሉ ልናሳስብ እንወዳለን። ለነፍሰ ጡር ሴት ፅንሷን የማይጎዳ የተባለ መጠን የለም። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው፥ ለሳንባ ነቀርሳ አይሶኒያዚድ የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ፥ የእንቅልፍ መድኃኒት የሚውጥ፥ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድና ሐኪሙን ያልጠየቀ፥ መኪናም የሚነዳ ሰው ብርጭቆውን ቢገለብጥ ማንም ሊያማው አይገባም። ሴቶችም በሰውነታቸው ያለው ውሃ ከወንዶች ስለሚያንስ፥ ያው አንድ መለኪያ በደማቸው ውስጥ ይበረታባቸዋል።

«መጠጥ ይህን ያህል ከተወቀሰ ጠላና አረቄ ሸጣ ልጆቿን የምታስተምረው እናት ምን ትሁን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በአርሲ ነገሌና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በዚህ ሥራ ነው። የእርሷን እንጀራ መንቀፍ የእኛ ፈንታ አይደለም። ነገር ግን የሻጯ ኑሮ መሻሻል ያለበት በሌላ የሥራ በርም ጭምር እንጂ፥ ጠጪው ለጤናዬ ነው እያለ ራሱን በማታለሉ አይደለም።

የእኛ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። መጠጥ የደስታና የእንግዳ ክብር ሆኖ በማዕዳችን ላይ ኖሯል፤ ለዚሁ ክብሩ ሲል የሚጠጣው ሰው ጥቂት ጠጥቶ፥ የጠጣውንም ቆጥሮ፥ ያለ መጠጥም የሚያልፉ ቀኖች ለይቶ ቢነሣ አደጋው አነስተኛ ነው። መድኃኒት ነው ብሎ የሚጠጣው ግን ልክ ያጣል፤ መድኃኒትን ማን ይቀንሳል? የልብ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው በእግሩ ይሂድ፥ ትንባሆ ይተው፥ ጨው ይቀንስ፥ የደም ግፊቱን ያስለካ። እነዚህ ነገሮች ክርክር የለባቸውም።

ለአስተናጋጆቻችንም አንድ ቃል አለን። «በሞቴ፥ አንድ ድገም» ማለት የፍቅር ልማድ ነው፤ ነገር ግን እንቢ ያለው እንግዳ የታመመ፥ መድኃኒት የጀመረ፥ ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ወይም ከብዙ ትግል በኋላ መጠጥ የተወ ሰው ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን በሰው ፊት እንዲናገር አናስገድደው። ከጠጁ ጐን ገና ያልፈላ ብርዝ፥ ከጠላውም ጐን ቀሪቦ ቢቀርብ ማዕዱ አይጐድልም፤ የብርዙም መልክ ከጠጁ ብዙ ስለማይለይ፥ እንግዳው ብርሌውን ከሌሎቹ ጋራ አንሥቶ ይጫወታል፤ ማንም ምን እንደ ያዘ አይጠይቀውም።